በጎቹና ሚት ሮምኒ

ዛሬ ከሱሉልታ ስመለስ ሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት በጎች ታስረው ነበር። የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር በመስኮቴ ላይ ቢጫ ነገር ተንዠቀዠቀ። ወያላው "የበግ ነው የኔ እህት፣ ይደርቃል!" አለኝ።

ወዲያው አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ሚት ሮምኒ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ በ1983 ቤተሰቡን ይዞ ከቦስተን ወደ ካናዳ ለእረፍት ሲሄድ ውሻቸውን በሳጥን አድርጎ መኪናው ጣሪያ ላይ ጫነው። የ12 ሰዓት መንገድ! ውሻው ተቅማጥ ያዘውና በመኪናው የኋለኛ መስታወት ላይ ተንዠቀዠቀ። አምስቱ ወንዶች ልጆች ጩኸታቸውን አቀለጡት። አባት ማደያ ገብቶ ውሻውንም መኪናውንም አጠበ፣ ውሻውን መልሶ ሰቀለና ነዳው። እ.ኤ.አ በ2012 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር አሜሪካኖቹ በዚህች ወሬ መውጫ አሳጡት። ጨካኝ ነው አሉ። እኔን የገረመኝ ግን እርጋታው ነው (ለነገሩ የንፋስ መከላከያም ሠርቶለት ነበር)።

የእኛ ሹፌር ማጠቡ ቀርቶ ፍሬን እንኳን አልነካም። መስኮቴን ዘግቼ አዲሱ ገበያ ደረስኩ።