የማርቆስ ብርድና የእኔ ሁለት ማዳበሪያ ልብስ

ነገሩ የጀመረው ቤት ስቀይር ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ኪራይ ተጨመረብኝና እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስገባ ባጃጅ ጠራሁ። ልጁ ሁለት ሙሉ ማዳበሪያ፣ አንድ ሻንጣና አራት ፌስታል ልብስ ሲጭን ቆየና "እታለም ልብስ ነጋዴ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ኧረ አስተማሪ ነኝ አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣም፣ ምክንያቱም ያን ቀን የለበስኩት ሹራብ ክርኑ ሳስቶ ክንዴ ይታያል፣ ሱሪዬም ጉልበቱ ተወጥሮ የወጣ ያው የዘወትሩ ነው። ያን ሁሉ ጭኜ የምለብሰው የለኝም ማለት ነው።

ማታ ፍራሹ ላይ ዘረገፍኩትና ቆጠርኩ። የውስጥ ልብስና ካልሲ ሳይጨምር 87። ባለፉት ሁለት ወራት የለበስኩትን ወደ አንድ ጎን ስለይ 15 እንኳን አልሞላም። ቀሪው ምንድነው ብዬ ስበረብር ነው እንግዲህ ጉዴ የወጣው።

አምስቱ የሰርግ ናቸው። ሚዜ ሆኜ፣ ወይ የጓደኛ እህት ስታገባ "ሁላችንም አንድ ዓይነት እንልበስ" ተብሎ አንድ ቀን ተለብሰው የተቀመጡ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ለሥራ የማይሆኑ ለገበያ የማይሆኑ። ከዚያ የበዓል አለ፣ ለእንቁጣጣሽ ለገና ለፋሲካ፣ ጥምቀትማ አይነሳ! "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለውን ተረት እኔ እንደ ትእዛዝ ነው የወሰድኩት መሰለኝ፣ በየዓመቱ አዲስ። ሌላው ክምር ደሞ አሳቀኝ፣ ባሕር ዳር ለስልጠና በሄድኩ ቁጥር የገዛኋቸው ስስ ስስ ሸሚዞችና እጅጌ የሌላቸው ቀሚሶች ናቸው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሙቀት ነው፣ እዚያ ሆነሽ ስትለኪው ሰውነትሽ ቀለል ይለዋል፣ መስታወት ፊት ቆመሽ "ይሄማ የኔ ነው" ትያለሽ። ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሌላ ከተማ አየር እየገዛሁ ኖሬያለሁ ማለት ነው ለስንት ዓመት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጋዋኑ ነው። እኔ ከሰኞ እስከ አርብ ከላይ ነጭ ጋዋን ደርቤ ነው የምውለው። ከሸሚዜ የሚታየው ኮሌታው ብቻ ነው፣ ከዚያ የጉርዱ ወይም የሱሪው ታችና ጫማው። ያን ሁሉ ጥልፍ ያለው ዶቃ ያለው ሸሚዝ የሚያየው የለም፣ የጠመኔ አቧራ ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን ለማወቅ ስድስት ዓመት ማስተማር ነበረብኝ።

እና መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ነው። ተናደድኩና በማግስቱ ልዋጭ ልዋጭ እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ አንዱን ማዳበሪያ ሳላየው አስረከብኩት፣ በለውጡ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋና ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠኝ። ቀለለኝ፣ ቤቱ ሰፋኝ፣ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ ሁላ። መስከረም ላይ ብርድ ሲመታኝ ያን ወፍራም ቡናማ የሱፍ ሹራቤን ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ማዳበሪያው ውስጥ ነበራ። ሳፋው ደግሞ በወሩ ተሰነጠቀ።

እናቴ ቢቸና አካባቢ ገጠር ነው የምትኖረው። ለመስቀል ስሄድ ይሄንኑ አወራኋት። እንዝርቷን እያሾረች ቀና ሳትል "ልጀ፣ ፈትለሽው ቢሆን ለሳፋ ትሰጭው ነበር?" አለችኝ። ምን ይመለሳል። እሷ ጥጡን ፍሬውን ታወጣለች፣ ትነድፋለች፣ ባዘቶ ታደርጋለች፣ ትፈትላለች፣ ልቃቂቱ ሲበዛ ለሸማኔ ትሰጣለች፣ አራት ድርብ ጋቢ እስኪሆን ክረምትና በጋ ያልፍበታል። ያላት ደግሞ አንድ የክት ቀሚስ፣ ሁለት የዘወትር፣ ነጠላና ጋቢ ነው። ነጠላዋን ለቤተ ክርስቲያን ትለብሰዋለች፣ ለቅሶ ሲሆን ታዘቀዝቀዋለች፣ ገበያ ስትሄድ ወገቧን ትታጠቀዋለች፣ የእህቴን ልጅ ስታዝልም ያው ነው።

እኔ ይሄን አይቼ "እማዬ እኔም እንዳንች ጥቂት ልብስ ነው የሚኖረኝ ከእንግዲህ" ስላት ሳቀችብኝ። "እኔ ያጣሁትን አንች ፋሽን አደረግሽው?" እውነቷን ነው እኮ። እሷ አንድ ቀሚስ የኖራት መርጣ አይደለም። ስለዚህ ድህነትን እያቆነጀሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ ሁለት ጉርድ ብቻ ይዤ በነሐሴ ዝናብ አልቸገርም፣ መቸገርም አልፈልግም።

ከዚያ ተመልሼ ደብተር ያዝኩ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጽፍበት፣ በአንድ በኩል ዛሬ ምን ለበስኩ፣ በሌላው ምን መግዛት አማረኝ ከነዋጋው። ያማረኝን በዚያው ወር አልገዛም፣ የሚቀጥለው ደሞዝ ደርሶ አሁንም ካማረኝ አየዋለሁ። ከአሥሩ ሰባቱ ስምንቱ ወር ሳይሞላ ነው ከልቤ የሚጠፋው፣ አንዳንዱንማ ሳነበው የቱ እንደሆነ እንኳን ትዝ አይለኝም። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ደሞ የልብስ ዋጋ እንዴት እንደሄደ ታውቁታላችሁ፣ በስሜት መግዛት የሚቻልበት ጊዜ አይደለም።

ደብተሩ ሌላም ነገር አስተማረኝ፣ ርካሽ የምለው ርካሽ እንዳልሆነ። 900 ብር የገዛሁት ሸሚዝ አራት ጊዜ ለብሼው ነው ስፌቱ የተተረተረ፣ በአንድ ቀን 225 ብር ማለት ነው። 2,800 ብር ያወጣሁበትን ኮት (እሱን ስገዛ እንቅልፍ አልወሰደኝም) ወደ 140 ቀን ለበስኩት፣ 20 ብር ሆነ በቀን፣ ገና ብዙ ዓመት ይለበሳል።

ኮቱን ያገኘሁት ከሳልቫጅ ነው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ገበያው ላይ ያለው በኮንትሮባንድ የሚገባ ነው፣ ይሄን እያወቅኩ ነው የገዛሁት፣ ጨዋ ነኝ አልልም። ግን ግራጫ ንጹህ ሱፍ፣ ገበሩ ያልተነካ፣ እንዲህ ያለውን አዲስ ልግዛ ብል የሁለት ወር ደሞዜ አይበቃም።

ልብስ ማየት ያስተማረኝ ሱቅ አይደለም፣ ልብስ ሰፊው ነው። ገበያው አጠገብ አሮጌ ሲንጀር ይዘው የሚሰፉ ጋሸ የምላቸው ሰውዬ አሉ፣ ሱሪ ለማሳጠር ሄጄ ነው የተዋወቅነው፣ የወሰድኩትን ሱሪ ገለበጡና "ይሄ ተጣብቆ የቆመ ነው እንጅ የተሰፋ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልገለብጥ አልገዛም። ከውስጥ በኩል ከስፌቱ የተረፈ ጨርቅ አለ ወይ? የዛሬው ልብስ አብዛኛው ኦቨርሎኩ (የጨርቁን ጠርዝ የሚይዘው የማሽን ስፌት) ሥር ተጠግቶ ነው የሚቆረጠው፣ ብትወፍሪ የሚለቀቅ ነገር የለውም፣ ስፌቱም ትንሽ ሲሳብ ይተረተራል። የድሮ ሱሪ ግን ከኋላ በኩል ሁለት ጣት ያህል ተርፎ ይታጠፋል። ቀጥሎ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጌ አያለሁ፣ መሃሉ ጥርስ መስሎ ከተከፈተ እተወዋለሁ። ቀጥሎ ብርሃን ላይ አንስቼ አያለሁ፣ ሳልቫጅ ከሆነ ብብቱንና ጭኑ መሃል ያለውን፣ ክርኑን፣ ብል የበላው ካለ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። ዚፑን አሥር ጊዜ ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ሻጩ ይናደዳል፣ ይናደድ።

ጋሸ ያሳዩኝ ሌላው ነገር እሳት ነው። ከውስጥ ካለው ትርፍ ጨርቅ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉታል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል፣ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። "ንጹህ ጥጥ" ተብሎ የተሸጠልኝ ጉርድ የዶቃ ያህል ፍሬ ሠራ እኮ! ፖሊስተር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለዝናብ ጃኬት ከሱ የተሻለ የለም፣ ቶሎ ይደርቃል። እኔ ያናደደኝ ጥጥ ብዬ የጥጥ ዋጋ መክፈሌ ነው።

አሁን ጨርቅ በሜትር ገዝቼ ማሰፋት ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ግን አልተሳካም። ደህና የጥጥ ጨርቅ ገዝቼ በቀጥታ ወስጄ ሰጠሁ፣ ጋሸ "ነክረሽዋል?" ሲሉኝ ቸኩዬ አዎ አልኳቸው፣ ሲታጠብ ጉርዱ ከጉልበቴ በላይ ወጣ። ጥጥ ሳይቆረጥ በፊት ውሃ ውስጥ ነክረሽ አድርቀሽ ተኩሰሽ ነው የምትሰጭው፣ የሚገባውን ያህል ይግባና ከዚያ ይቆረጥ። ጉርዱን አልጣልኩትም፣ ከታች ሌላ ቀለም ጨርቅ ቀጠሉልኝ፣ ተማሪዎቼ አዲስ ሞዴል መስሏቸው ነበር።

እናቴ ያወረሰችኝ አሮጌ አንሶላም አለ፣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ያ በ1950ዎቹ ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሳ የተቋቋመው። መሃሉ ሳስቶ ነበር፣ ዳር ዳሩ ግን ጠንካራ ጥጥ ስለሆነ የሁለት ጉርድ ገበር ወጣው።

ስለ አጠባ ብዙ አልልም፣ ግን ልብሴን ሲገድል የኖረው አለባበሴ ሳይሆን አጠባዬ ነው። ነጭ ባልሆነ ነገር ላይ በረኪና አደርግ ነበር፣ ጥቁር ሱሪ ወደ ቀይ ሲሄድ "ጨርቁ ነው" እላለሁ። አሁን ገልብጬ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ገልብጬ ጥላ ላይ፣ ሹራብ ከሆነ ሳልጨምቅ ፎጣ ላይ ዘርግቼ። ጋዋኑ ለብቻው። በቃ።

ጫማ ላይ ግን ገና አልተሳካልኝም። ደህና ቆዳ ነው ብዬ ነጭ ጫማ ገዛሁ፣ ሐምሌ ላይ፣ ማርቆስ፣ ነጭ ጫማ! ጭቃው ምን እንዳደረገው አልናገርም። ሶሉ ደግሞ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ነበርና በሁለተኛው ዝናብ አፉን ከፈተ። ሊስትሮው ዙሪያውን በክር ሰፋልኝና አሁን ከአዲሱ ይሻላል፣ ግን መጀመሪያውኑ ዙሪያው የተሰፋ ቡናማ ብገዛ ኖሮ...

33 ልብስ ለ3 ወር የሚባል የውጭ አገር ዘዴ አለ፣ ጫማውም ጌጡም ተቆጥሮ። ሞከርኩት፣ ለኔ አልሆነም። ክረምት ላይ ልብስ ሦስት ቀን አራት ቀን አይደርቅም፣ እርጥቡ ሲቀመጥ ይሻግታል፣ ስለዚህ ለክረምት ጉርድና ሹራብ ጨመር ማድረግ ግድ ነው። ነጠላ ሁለት ያስፈልገኛል፣ አንዱ ሲታጠብ። ጥቁር ቀሚስም ለለቅሶ መኖር አለበት፣ ሰው ሲሞት ደብተር ላይ ጽፈሽ የሚቀጥለውን ደሞዝ አትጠብቂም። እኔ አሁን 41 ላይ ነኝ፣ ከዚህ በታች ልውረድ አልልም። ብር ተረፈሽ ወይ ለምትሉኝ ብዙም አልተረፈኝም፣ ዋጋው ስለጨመረ ያው ነው፣ ግን በዓመቱ የገዛሁት ስድስት ልብስ ብቻ ነው ስድስቱንም እለብሳቸዋለሁ።

የከበደኝ ሰርጉ ነው። ጥር ላይ የምታገባ ጓደኛዬን "አንድ ዓይነት ቀለም እንልበስ እንጅ አንድ ዓይነት ልብስ አይሁን፣ ያለን ይበቃል" ብላት አኮረፈችኝ፣ ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳችም። በመጨረሻ ተስማማን፣ ለሁላችንም አረንጓዴ ተባለ፣ ሁለቱ የነበራቸውን ለበሱ፣ እኔ ለሥራም የሚሆን ጉርድ አሰፋሁ። ፎቶው ላይ አረንጓዴው አራት ዓይነት ሆኖ ወጥቷል፣ አሁንም ስታየው ትገላምጠኛለች።

ለጥምቀት የነበረኝን የሀበሻ ቀሚስ ደግሜ ለበስኩት። እህቴ "ይሄንኑ ነው?" አለች። ይሄንኑ ነው።

እናቴ ልቃቂቱን ለሸማኔው ሰጥታለች፣ ለኔ ጋቢ፣ "ይሄን ለሳፋ ብትሰጭ ነው የማውቅልሽ" ብላ። ከፋሲካ በፊት አይደርስም ብሏታል። እስከዚያ ያው ግራጫው ኮት ነው፣ የግራ እጅጌው ገበር ሊተረተር ጀምሯልና ቅዳሜ ጋሸ ዘንድ እወስደዋለሁ።