«ኮክ» ብሎ ስፕራይት የሚጠጣ ሰው አልተሳሳተም

በአሜሪካ ደቡብ አንድ ሰው «ኮክ እፈልጋለሁ» ይላል። «የቱን?» ይሉታል። «ስፕራይት» ብሎ ይመልሳል፣ ስፕራይቱም ይመጣለታል፣ አለቀ። ማንም ግራ አልተጋባም። ይህን የሰማ የኒውዮርክ ወይም የቺካጎ ሰው ግን ይስቃል፤ «የመጠጡን ስም እንኳን አይለዩም» የሚልም አለ። እኔን ይህ ሳቅ ያናድደኛል። አሜሪካኖች ለለስላሳ ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱም ከሌላው የበለጠ ትክክል አይደለም፤ እያንዳንዱም የመጣበት መንገድ አለው።

መጀመሪያ ማን የት ምን እንደሚል እንይ። ሰሜን ምሥራቁና ካሊፎርኒያ «ሶዳ» ይላሉ። ከኦሃዮና ከሚሺጋን እስከ ሚኒሶታ ያለው መሀል አገር፣ እንዲሁም የነሲያትል አካባቢ፣ «ፖፕ» ይላል። ከጆርጂያ እስከ ቴክሳስ ደግሞ «ኮክ»። በርት ቮ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለብዙ ሺህ ሰዎች ይህን ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሶዳ፣ ሩብ ያህሉ ፖፕ፣ ከስምንት አንድ ገደማ የሚሆኑት ኮክ ብለዋል። ግን ካርታው እንዲህ ንጹሕ አይደለም። ሴንት ሉዊስና ሚልዋኪ በፖፕ ባዮች መሀል ቁጭ ብለው ሶዳ ይላሉ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ፊላደልፊያ ሶዳ ስትል ፒትስበርግ ፖፕ ትላለች። ኒውዮርክ ግዛትም ያው ነው፤ በምዕራብ ጫፍ ያለችው ቡፋሎ ፖፕ ብላ የከተማውን ሶዳ አትቀበልም። አንድ ገዥ፣ አንድ ሕግ፣ ሁለት ቃል።

«ሶዳ» ከላቦራቶሪ የወጣ ቃል ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ይኖር ነበርና ከሚፈላው ቢራ በላይ የሚንሳፈፈውን ጋዝ ውሃ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል አወቀ። ቆይቶ ሽዌፕ የተባለ የጄኔቫ ሰው ነገሩን ወደ ንግድ አዞረው። ውሃው ውስጥ የሶዲየም ጨው ይጨመርበት ስለነበር የሶዳ ውሃ ተባለ፤ በኋላ ስኳርና ሽሮፕ ሲገባበት «ውሃ» የሚለው ቀርቶ «ሶዳ» ብቻውን ቀረ።

ፖፕን የልጅ ቃል አድርገው የሚያዩ አሉ። እንዲያውም ዕድሜው ከሚመስለው በላይ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሮበርት ሳውዚ እ.ኤ.አ. በ1812 በጻፈው ደብዳቤ ፖፕ የሚባል መጠጥ መቅመሱን ይናገራል፤ ስሙንም ያገኘው ቡሹ ሲነቀል ፖፕ ስለሚል ነው ይላል። ኮካ ኮላ የሚባል ነገር ከመፈጠሩ ከሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ዛሬም በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ሰው ፖፕ ይላል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የኮክን ታሪክ ነው። ጆን ፔምበርተን የተባለ መድኃኒት ቀማሚ እ.ኤ.አ. በ1886 አትላንታ ውስጥ ኮካ ኮላን ሠራ። መጠጡ መጀመሪያ የተሸጠው ፋርማሲ ውስጥ በብርጭቆ እየተቀዳ ነው። ገዢዎቹ ረጅሙን ስም ቆርጠው «ኮክ» አሉት። ኩባንያው ይህን አልወደደውም። ለዓመታት በማስታወቂያው «ሙሉ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ» እያለ ሕዝቡን ሲለምን ኖረ። በተመሳሳይ ድምፅ «ኮክ» የሚባል መጠጥ የሚሸጥ ሌላ ድርጅት ሲመጣም ከሰሰው፣ ጉዳዩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1920 ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ለኮካ ኮላ ፈረዱ፤ ኮካ ኮላ የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ፣ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ አንድ ነገር ማለት ነው ብለው ጻፉ። ሕዝቡ ግን «ኮክ» ማለቱን አላቆመም። በመጨረሻ የተሸነፈው ኩባንያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ራሱ «ኮክ» የሚለውን በማስታወቂያው መጠቀም ጀመረ፣ በ1945 ደግሞ የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበው። ደቡቡ ከዚያም አልፎ ሄዶ ቃሉን ለለስላሳ ሁሉ አዋለው። መጠጡ የተወለደው እዚያ ነው፣ ስሙን ያወጣው የአገሬው አፍ ነው፤ ታዲያ ያ ሰው ስፕራይቱን ኮክ ቢለው ማን ሊያርመው ይችላል?

ከአሜሪካ ወጣ ስንል ነገሩ ይብሳል። ግላስጎው ውስጥ ጋዝ ያለው ለስላሳ ሁሉ «ጂንጀር» ሊባል ይችላል፣ ዝንጅብል የሚባል ነገር ባይነካውም። በአየርላንድ «ሚነራል» የሚሉ አሉ፤ ናይጄሪያና ጋናም ያንኑ ቃል ይጠቀማሉ። ኬንያ ሶዳ ናት። ደቡብ አፍሪካ «ኩልድሪንክ»፣ ሕንድ «ኮልድ ድሪንክ»። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ደግሞ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሆነው አይስማሙም፤ ሜክሲኮ «ሬፍሬስኮ»፣ አርጀንቲናና ኮሎምቢያ «ጋሴዮሳ»፣ ቺሊ «ቤቢዳ» ይላሉ። ስፔን ሄዳችሁ ጋሴዮሳ ካላችሁ ደግሞ ብዙዎች ከወይን ጠጅ ጋር የሚቀላቅሉት ጣፈጥ ያለ ጋዛም ውሃ ይመጣላችኋል። ኬቤክ ውስጥ «ሊኮር» ሲባል ልጅ የሚጠጣው ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ግን አልኮል ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይሻላል።

ስደተኛ ደግሞ ቃሉን የሚወስደው ካረፈበት ከተማ ነው። ከአንድ ቤት የወጡ እህትማማቾች አንዷ ሚኒያፖሊስ፣ አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዷ አትላንታ ቢያርፉ፣ ልጆቻቸው ሲገናኙ አንዱ ፖፕ፣ አንዱ ሶዳ፣ አንዱ ኮክ ይላል፤ ከዚያም ክርክሩ ይጀመራል። እባካችሁ «ትክክለኛው ሶዳ ነው» ብላችሁ ልጁን አታርሙት። ልጁ እንግሊዝኛውን አላበላሸም፣ የከተማውን ሰው አነጋገር ይዟል እንጂ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ቶኒክ» ነው። በቦስተንና በአካባቢው ለለስላሳ ሁሉ ይህ ቃል ነበር። እነዚህ መጠጦች ለጤና እየተባሉ ይሸጡ በነበረበት ዘመን እዚያው ማሳቹሴትስ፣ ሎውል ከተማ፣ ሞክሲ የሚባለው መጠጥ ለነርቭ ይበጃል እየተባለ ገበያ ወጥቷል፤ ቶኒክ ማለት የሚያበረታ መድኃኒት ነውና ስሙ ከዚያ ዘመን ጋር በደንብ ይሄዳል። ዛሬ ወጣቶቹ ሶዳ ይላሉ፣ ቶኒክ የሚሉት አዛውንቶች ናቸው። በፍሬደሪክ ካሲዲ መሪነት የአሜሪካን የየአካባቢ ንግግር መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1970 ባለው ጊዜ በ1,002 ቦታዎች እየዞሩ ሰው ሲጠይቁና ድምፅ ሲቀዱ ነበር፤ ያ ሥራ ባይሠራ ስንት ቃል ያለ ምስክር ይቀር እንደነበር ሳስበው ያስፈራኛል። ቦስተን አካባቢ ያላችሁ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቶች ካሏችሁ ለስላሳን በልጅነታቸው ምን ይሉት እንደነበር ጠይቋቸው። ልጆቻቸው ምን እንደሚሉም ጠይቁ፣ ሁለቱንም መልስ ጻፉልኝ።