የጅቡቲን ጦር እንዴት አጠናሁት፣ ምንስ ተማርኩበት

በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2016 ላይ የቀይ ባህር ጉዳይ በቴሌቪዥን ከተነሳ በኋላ ጅቡቲን የማያነሳ ሰው አልነበረም። ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም ፌስቡክ ላይም ስለ ወደቡ ይወራል፣ ስለ አሜሪካና ስለ ቻይና ጦር ሰፈር ይወራል፣ ስለ ራሱ ስለ ጅቡቲ ጦር ግን "እነሱ ደግሞ ጦር አላቸው እንዴ" ከሚል ያለፈ ነገር አልሰማሁም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና የወጪ ንግዳችን የሚያልፈው በነሱ በኩል ሆኖ ስለሚጠብቀው ወታደር ምንም አለማወቃችን ያሳስበኛል፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ ላጥናው አልኩ። ወታደርም ጋዜጠኛም አይደለሁም፣ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ማታ ማታ ከስራ መልስ ነው የሰራሁት። ተመሳሳይ ነገር ለመሞከር ለምታስቡ እንዴት እንደሄድኩበት ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጎግል ስታደርጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሰንጠረዥ ነው። ይሄን ያህል ብረት ለበስ፣ ይሄን ያህል ሄሊኮፕተር፣ ይሄን ያህል ጀልባ። የወታደሩ ብዛት 10 ሺህ ገደማ የሚለው ብዙ ቦታ ስላለ ያዝኩት፣ መሳሪያው ላይ ግን አንዱ የሌላውን ገልብጦ ነው የሚያወጣው፣ ከነስህተቱ ጭምር። ከዛ ውስጥ ምን ያህሉ ይሰራል፣ ምን ያህሉ ቆሞ ዝጓል የሚለውን የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትቼ ኤክሴል ከፈትኩና አራት ኮለም ሰራሁ፦ ዓመት፣ ምን ሆነ፣ ማን አለ፣ ሁለተኛ ምስክር። ደረሰኝ የሌለው ወጪ መዝገብ ላይ እንደማይገባ ሁሉ አራተኛው ኮለም ባዶ የሆነ መስመር አልጽፍም አልኩ። ይሄ አንድ ውሳኔ ስራውን በሙሉ ነው የለወጠው፣ ምክንያቱም መሳሪያ ከመቁጠር ወጥቼ ጦሩ ምን ሰራ፣ ምን ደረሰበት ወደሚለው ገባሁ።

የሶርስ ነገር፦ ላ ናሲዮን የሚባለው የመንግስት ጋዜጣቸው አለ፣ የሬዲዮና ቴሌቪዥናቸው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አለ፣ የተባበሩት መንግስታት የጸጥታው ምክር ቤት ሪፖርቶች ደግሞ በነጻ ይወርዳሉ። ፈረንሳይኛ አልችልም፣ በትርጉም አፕ ነው ያነበብኩት፣ ቁም ነገር ያለበት ቦታ ላይ ግን ፈረንሳይኛ የሚችል ጓደኛዬን አስነብበዋለሁ። ሌላው ደግሞ እዚሁ ያለ ሰው ነው፣ እሱ ነው ከሁሉም የጠቀመኝ።

ጅቡቲ ነጻ የወጣችው ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው፣ 23 ሺህ ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ የሆነች አገር፣ በአንድ በኩል ኢትዮጵያ በአንድ በኩል ሶማሊያ፣ ያኔ ደግሞ ሁለቱ ወደ ኦጋዴን ጦርነት እየገቡ ነበር። በዚህ መሃል ነው ጦሩ የተወለደው፣ ፈረንሳይም አልወጣችም፣ እስካሁንም አለች፣ የመከላከያ ስምምነቱ 2024 ላይ እንደገና ታድሷል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቶሎ አለፍኳቸው፣ ጦሩን የሰራው 1991 ነው ብዬ ስለማምን።

ግንቦት 1991 ደርግ ወደቀ። ከአሰብ በኩል የሸሸው ወታደር ከነትጥቁ ወደ ጅቡቲ ገባ፣ መሳሪያው በየቦታው ተበተነ፣ በዛው ዓመት ህዳር ላይ ፍሩድ የሚባለው በአብዛኛው የአፋር ተዋጊዎች ያሉበት ግንባር ሰሜኑ ላይ ተነሳና ታጁራንና ኦቦክን ከበበ። ነጻ ከወጣ ገና 14 ዓመት የሆነው ትንሽ ጦር በአንድ ጊዜ ከራሱ ዜጋ ጋር ጦርነት ገባ፣ በጥድፊያ ብዙ ሺህ ወጣት መለመለ፣ 1993 ሐምሌ ላይ ትልቅ ማጥቃት አድርጎ የአማጺውን ዋና ቦታዎች ያዘ፣ ታህሳስ 26 ቀን 1994 ከግንባሩ አንዱ ክንፍ ጋር ሰላም ተፈረመ፣ ሌላው ክንፍ እስከ 2001 ቆየ። ከስምምነቱ በኋላ ከተዋጊዎቹ የተወሰኑት ወደ ጦሩ ገቡ፣ በጥድፊያ የተመለመለውን ደግሞ መቀነስ ነበረበት። እዚህ ጋ አንድ ነገር ገባኝ፣ የጎረቤትን ጦር ስታጠኑ የራሳችሁን አገር ታሪክ ጎን ለጎን ካልከፈታችሁ ግማሹ አይታያችሁም። የኛ መፍረስ ነው እዛ የተሰማው።

ይሄን ያነሳሁላቸው ጎረቤታችን ጋሼ የቀድሞ ባህር ኃይል ናቸው። በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለን ስልኬን ከፍቼ የጅቡቲን ወደብ የሳተላይት ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁና ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በጣታቸው አንድ ቦታ ነኩ፣ "እዚህ ጋ ነበር መርከቦቻችን የቆሙት" አሉኝ። ባህር ኃይላችን ከምጽዋና ከአሰብ ከወጣ በኋላ መርከቦቹ የመን ሄዱ፣ የመን 1993 ላይ ስታስወጣቸው መንቀሳቀስ የቻሉት ጅቡቲ ገቡ፣ 1996 ላይ ደግሞ ጅቡቲ በወደብ ዕዳ ይዛ በጨረታ ሸጠቻቸው። ጋሼ የነገሩኝን ሁሉ ቀዳሁት (አስፈቅጄ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ሳያውቅ መቅዳት ነውር ነው)፣ ዓመትና የመርከብ ስም ላይ ግን ከጽሁፍ ጋር አስተያየሁት፣ አብዛኛው ገጠመ። ሰው ሲያወራ ቀን ይሳሳታል፣ ያየውን ነገር ግን አይረሳም፣ ስለዚህ ቀኑን ከወረቀት፣ ነገሩን ከሰው መውሰድ ነው።

2008 ላይ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ራስ ዱሜራ የሚባል ባቤል መንደብ አቅራቢያ ቀይ ባህርን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ አለ። በጅቡቲ በኩል የሚነገረው ኤርትራውያን መጀመሪያ ለመንገድ ስራ አሸዋ እንፈልጋለን ብለው መጡ፣ ከዛ ኮረብታው ላይ ምሽግ መቆፈር ጀመሩ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለቱ ጦር በጣም ተቀራርቦ ፊት ለፊት ተፋጠጠ፣ ሰኔ 10 ተኩስ ተከፈተ፣ ጅቡቲ በጡረታ ያሰናበተቻቸውን ሳይቀር ጠራች። የተባበሩት መንግስታት አጣሪ ቡድን ልኮ ጅቡቲ ተቀበለችው፣ ኤርትራ አላስገባችውም። ሪፖርቱ መስከረም ላይ ወጣ፣ አጭር ነው፣ አንብቡት፣ ይቺ አገር አቅሟ የማይችለው የጦር ዝግጅት ውስጥ እየተጎተተች ነው ይላል። ይሄንን አረፍተ ነገር ሳነብ ነው ትንሽ ጦር ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ፣ ለአንድ ኮረብታ ወታደር ማቆም፣ ውሃና ቀለብ በዛ በረሃ በየቀኑ ማድረስ፣ ደመወዝ መክፈል፣ ይሄ ለሰፊ አገር ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለነሱ ግን ከበጀቱ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ደግሞ አስቡት፣ ያኔ ፈረንሳይም አሜሪካም ከተማው ውስጥ ጦር አላቸው። ፈረንሳይ በሎጂስቲክስና በህክምና ረዳች እንጂ ኮረብታው ላይ ወጥታ አልተዋጋችም። "ጅቡቲን ማን ይነካታል፣ የዓለም ጦር ሁሉ እዛ አይደል" የሚለውን ወሬ የሰማሁ ቁጥር ዱሜራን ነው የማነሳው። ጃፓን 2011፣ ጣሊያን 2013፣ ቻይና 2017 ተጨመሩ፣ ኪራዩ ገንዘብ ያመጣል፣ ድንበሩ ላይ የሚቆመው ግን የራሷ ልጅ ነው። የተማረኩት ወታደሮች ጉዳይ ደግሞ ልብ ይነካል፣ ኤርትራ ለዓመታት ያዝኩ ሳትል ቆይታ አራቱን የለቀቀችው መጋቢት 2016 በኳታር አሸማጋይነት ነው። ከአራቱ ቤተሰብ ባሻገር ያልተመለሱት ቤተሰብም አለ። ድንበሩ ላይ የነበሩት የኳታር ታዛቢዎች 2017 ሰኔ ላይ ጥለው ወጡ፣ 2018 ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች ጅዳ ተገናኙ።

ሶማሊያን በተመለከተ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ወታደር ልከዋል፣ ዋናው ቦታቸው በለድወይን ነው፣ የኛም ጦር የነበረበት። እዛ ያገለገለ አንድ የኛ ልጅ አግኝቼ አዋራሁት፣ ስለ መሳሪያቸው አልጠየቅኩትም፣ ከህዝቡ ጋር እንዴት ነበሩ አልኩት። ብዙዎቹ ሶማልኛ አፍ መፍቻቸው ስለሆነ ገበያ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ቆመው ያወራሉ፣ ሽማግሌ ጋ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ እኛ ለዛ ሰው እንፈልግ ነበር አለኝ። ይሄ የትኛውም ሰንጠረዥ ላይ የለም።

የመጨረሻዎቹ መስመሮቼ የድሮን ናቸው። ሰኔ 2022 በ45ኛው የነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ የቱርኩ ባይራክታር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፣ ቪዲዮውን እያቆምኩ እያስኬድኩ ነው ያየሁት፣ ሰልፉ ላይ ማን ከማን በፊት እንደሚያልፍ ማየት ራሱ ብዙ ያስተምራል። ጥቅምት ላይ ግን ታጁራ አካባቢ ጋራብቲሳን የሚባል ካምፕ ሌሊት ተጠቅቶ 7 ወታደር ሞተ። ጥር 30 ቀን 2025 ደግሞ ድንበሩ አካባቢ በድሮን ተመታ፣ የጅቡቲ መከላከያ 8 አሸባሪ ገደልኩ፣ ሲቪልም ተጎድቷል አለ፣ ቦታው የኔ መሬት ነው አለ፣ በአፋር ክልል በኤሊዳር በኩል ያሉ ሰዎች ደግሞ የተመታው እኛ ጋ ነው አሉ። ሁለት ምስክር ሁለት ነገር ሲል ምን ላድርግ ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ከነተናጋሪያቸው ጎን ለጎን ጻፍኩ። የሞተ ሰው ጉዳይ ላይ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምፈርደው ነገር የለም።

አንድ ያልገባሁበት ነገር አለ፣ ካምፕ የት ነው፣ ኬላው ላይ ስንት ሰው አለ የሚለውን ከሳተላይት መልቀም። የሚያደርጉ አሉ፣ እኔ ግን የማንንም ወታደር ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ኤክሴሌ ውስጥ እንዲገባ አልፈለግኩም፣ እናንተም ባታደርጉት እመርጣለሁ።

አሁን የያዝኩት ከ1993 እስከ 1996 ድረስ ጅቡቲ የቆዩትን የባህር ኃይላችንን መርከበኞች ነው። ጋሼ ብቻቸውን አይበቁም፣ ሁለተኛ ምስክር እፈልጋለሁ። አባታችሁ ወይ አጎታችሁ ያኔ እዛ ከነበሩና ማውራት ደስ የሚላቸው ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አዲስ አበባ ካሉ እኔ እሄዳለሁ፣ ውጭ ካሉ ደግሞ በሚመቻቸው ሰዓት እደውላለሁ።