ፊርማ ቢቀርም መጠየቅ አልቀረም

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ቪኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ መሠረት እዚህ ኤችአይቪ ለመመርመር የታካሚው ፊርማ ግዴታ ነበር። ከምርመራው በፊትና በኋላም ምክር መስጠት ነበረብን። ያኔ መገለሉ ከባድ ስለነበር ጥበቃው ይገባኛል። ግን ቅጹ ጊዜ ይፈጃል፤ በዚያ ምክንያት ምርመራው ይዘለል ነበር። ኮንግረስ በ2008 ግዴታውን አነሳ። ከ2009 ጀምሮ የቃል ፈቃድ ይበቃል፤ እሱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ዛሬ አንድ የቬትናም ዘማች ለስኳርና ለኮሌስትሮል ደም ሊሰጡ መጡ። «ኤችአይቪም አብረን እናይልዎ?» አልኳቸው። ደነገጡ። «ምን አይተሽብኝ ነው?» አሉ። ምንም እንዳላየሁ፣ ለሁሉም እንደምንጠይቅ ነገርኳቸው። እምቢ ቢሉም ሕክምናቸው እንደማይጓደል አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ።

ወረቀቱ መቅረቱ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ጥድፊያችን ነው። ወረፋ ሲበዛ «ደም እንወስዳለን» ብቻ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይሄ ፈቃድ አይደለም። ምን እንደሚመረመር በስሙ መንገርና መልስ መጠበቅ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።