የተሸረፈ የኪስ ሰዓት ፊት

የአሮጌ ኪስ ሰዓት ፊት ተሸርፎ ሲገኝ ጥፋተኛው መውደቅ ብቻ አይደለም፤ ፊቱን ሊያነሳ የሞከረው ሰው ካቻቢቴም አለበት። ነጩ ኢናሜል በመዳብ ሰሌዳ ላይ በእሳት የቀለጠ መስታወት ነው። መዳቡ ይታጠፋል፣ መስታወቱ ግን መታጠፍ አይችልምና ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ሽራፊ በጠርዙ፣ በመሃል ቀዳዳውና ከጀርባ ባሉት የመዳብ እግሮች አካባቢ የሚበዛው።

ፊቱን ከማንሳታችሁ በፊት ቆጣሪዎቹ ይነሱ፤ መጀመሪያ የሰዓቱንና የደቂቃውን ቆጣሪ ስድስት ሰዓት ላይ አድርጉ፤ በፊቱ ላይ 12 ማለት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ለማንሻው ቦታ ይሰፋል። ከስር ስስ ፕላስቲክ አንጥፉና ቆጣሪዎቹን ከሁለት ጎን እኩል አንሱ። ማሽኑን ከቤቱ ካወጣችሁ በኋላ በጎኑ የፊቱን እግሮች የያዙ ሁለት ወይም ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች ታገኛላችሁ። ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ አንድ ዙር ላላ ይበሉ እንጂ አይውጡ። ፊቱ እንቢ ካለ አንዱ እግር ገና ተይዟል፤ አትፈልቅቁት። ሲነሳ ከስሩ ያለው ስስ ቀለበት ሊወድቅ ስለሚችል በነጭ ጨርቅ ላይ ሥሩ።

ለእጥበት ለብ ያለ ውኃና ሁለት ጠብታ ላርጎ ይበቃል። ስንጥቁን ያጠቆረው የገባበት ቆሻሻ ነው፤ ሲታጠብ ይደበዝዛል፣ አይጠፋም። መጥፋትም የለበትም፣ ለእኔ የዕድሜው ምልክት ነው። በረኪና ግን መዳቡን ይበላዋል። የፋብሪካው ስም ሳይጋገር የታተመ ከሆነ በአልኮል ይለቃልና አትንኩት። የብረት ፊት ደግሞ ጨርሶ አይታጠብ፤ ቁጥሮቹ ከቆሻሻው ጋር ይወርዳሉ።

ሽራፊውን ለመሙላት ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ውሰዱ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ ያለብሳል። ኢፖክሲው ውስጥ ነጭ የቀለም ዱቄት ጨምሩ፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይለፍ፤ ከበዛ በደንብ አይጠነክርም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የድሮ ኢናሜል ንጹሕ ነጭ አይደለም። በመርፌ ጫፍ ቢጫ፣ ከዚያም ያነሰ ጥቁር ጨምራችሁ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አነጻጽሩ፤ አምፖል ያታልላል። ድብልቁን በስፒል ጫፍ አስገቡና ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይበል።

አዳማ ላይ ከዚህ በኋላ ጠላታችሁ ነፋሱ ነው። ያልደረቀ ኢፖክሲ ላይ ያረፈ አቧራ አይለቅም፤ ስለዚህ ፊቱን በተገለበጠ ትልቅ ብርጭቆ ክደኑና 24 ሰዓት ተዉት። በሙቀት ወራት ድብልቁ ቶሎ ስለሚወፍር በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ብቻ አዘጋጁ።

ሲጠነክር ትርፉን አዲስ ምላጭ አጋድማችሁ በቀስታ ላጩት። ብርጭቆ ወረቀት የደህናውን ኢናሜል አንጸባራቂነት ይገፋል። መልሳችሁ ስትገጥሙ ብሎኖቹ እግሩን እንደነኩ ጥቂት አጥብቃችሁ አቁሙ። ፊቱ ከማሽኑ ጋር እኩል ካልተቀመጠ ያ ስስ ቀለበት ተዛንፎ ይሆናል፤ ከመጫን ይልቅ አንስታችሁ እዩት።