ከብሳ እንደ ጋን ሲመረግ

ስልኩ ጮኸ። ጅዳ «ኸላስ፣ በሰለ» ብላ ክዳኑን አነሳች። አልበሰለም።

ማድ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከጅዳ ስለመጣች ጅዳ ተብላ ቀርታለች። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ናት። ዘጠኝ ዓመት ማዳም ቤት አብስላ ስትመለስ ልማዶቿም አብረዋት መጡ፦ ሁሉን በኩባያ መለካት፣ ሁሉን በስልክ ሰዓት መያዝ፣ ቡናን ቆሞ መጠጣት። እሱንም አቦሉን ብቻ ነው፤ ለቶና አትቆይም። የክርስቲያኑን ምድጃ የያዙት እትዬ ይህን እንደ ስድብ ነበር የሚያዩት። «በረካውን ሳይጠጡ የሚነሱት የት ሊደርሱ ነው?» ይላሉ፣ ለማንም እንዳልተናገሩ ሆነው።

ቦታው ደሴ ነው። የሆቴሉን ስም ልተወው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ «የጅዳ ባለሙያ» የሚል ባነር ሰቅሎ፣ ለአንድ ሠርግ የ120 ሰው ከብሳ፣ ያንን የሳውዲዎቹን በመረቅ የሚበስል ሩዝ ከነሥጋው፣ ተቀበለ። ለሰው 100 ግራም ጥሬ ሩዝ ቢያዝ 12 ኪሎ ነው፤ አራት አራት ኪሎ በሦስት ድስት። ወሎ ውስጥ ሠርግ ያበሰለ ሰው የቀረውን ያውቀዋል፤ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት እርድ። ከብሳው በእስላሙ በኩል ነበር።

ጅዳ ከሠርጉ በፊት በትልቁ ድስት ትንሽ ልሞክር ብላ ጠይቃ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት የሠራሽውን ምን ትሞክሪዋለሽ?» ተባለች። ባስማቲ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ያረረ ባስማቲም ያው ውድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአምስትና ለስድስት እንግዳ ሩዝ የምትሠራው በሚያፏጨው ፕሬዠር ድስት ነበር። ፕሬዠሩ እንፋሎቱን አፍኖ ግለቱን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ደሴ ላይ መሆኗን እስከዚያን ዕለት ደብቆላት ኖሯል።

አሠራሯ ላይ እንከን አልነበረም። ሩዙን ውሃው ኮለል እስኪል አጠበች፣ ሃያ ደቂቃ ዘፈዘፈች። የበጉን ሥጋ ከነአጥንቱ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በሄል፣ በቀረፋ፣ በቅርንፉድና በከሙን ቀቀለች። የደረቀውን ጥቁር ሎሚ በስታ ጨመረች፤ መረቁን እንዳያመርረው ቶሎ አወጣችው። ሥጋውን አውጥታ መረቁን ለካች። አራት ኪሎ ሩዝ 20 ኩባያ ነው፤ ለእሱ 30 ኩባያ መረቅ፣ ማለትም አንድ ለአንድ ተኩል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳን ግጥም፣ ሃያ ደቂቃ። ጅዳ ከተማ፣ ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ይህ ልክ ነው።

ሥጋው ግን አስቀድሞ ነግሯት ነበር። እዚያ በአንድ ሰዓት ተኩል ከአጥንቱ የሚለቅ በግ፣ እዚህ ሁለት ሰዓት አልፎትም እንደተጣበቀ ነው። «በጉ ሽማግሌ ነው» ብላ አለፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 300 ሜትር ገደማ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ግለት በአንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ጅዳ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ 92 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። ሲያዩት ያው ፈላ ነው፤ አረፋውም ድምፁም አንድ ነው። ሩዙ ግን በ92 ዲግሪ ሲበስል ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜው ሲረዝም ደግሞ የሚተነው መረቅ ይበዛል። ድስቱ ትልቅ ከሆነ ታችኛው መረቁን ይጠጣል፤ ላይኛው የሚበስለው በእንፋሎት ብቻ ነው። እንፋሎቱ በክዳኑ ዳር ካመለጠ ላዩ ጥሬ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ መጣና «እሳት ጨምሩበት» አለ። ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማረር ሽታ ማድ ቤቱን ሞላው። እሱም «ጋዙ ነው፣ የዘንድሮ ጋዝ ጥሩ አይደለም» ብሎ ወደ እንግዶቹ ወጣ።

እትዬ የእስላም ሥጋ የነካውን አይቀምሱም። ስለዚህ ሳይቀምሱ መረመሩት። ከታች፣ ከመሃልና ከላይ አንዳንድ ፍሬ በማንኪያ አስወጥተው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ጨፈለቁ። ይህን ምርመራ ማንም ሊይዘው ይገባል፤ የበሰለ ፍሬ ጠቅላላው ይልማል፣ ያልበሰለው ይሰነጠቅና መሃሉ ላይ ነጭ እምብርት ያሳያል። እጃቸውን ታጠቡና ፈረዱ።

«ታቹ አሯል፣ መሃሉ ደርሷል፣ ላዩ ጥሬ ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ሞልቷል እኮ እትዬ፣ ስልኩ...»

«ስልኩ በስሏል አለ። ሩዙ አልሰማውማ። ውሃው እዚህ ሰነፍ ነው፣ ልጄ። ልጅ ሆነን ባቲ ገበያ ስንወርድ ንፍሮው ወሬ ሳናልቅ ይበስል ነበር፤ እዚህ ያንኑ ባቄላ ማታ ጥደን ጠዋት ነው የምናወጣው። ዱቄት አምጪ።»

«ዱቄት ምን ሊያደርግ?»

«ልመርገው።»

ጅዳ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች።

«ወላሂ እትዬ፣ ጋን አይደለም፣ ሩዝ ነው!»

«የሚያመልጥ ነገር ያለበት ሁሉ ይመረጋል።»

«ሰው ቢያይስ? የሠርግ ከብሳ እንደ አረቄ...»

«አረቄ አላልሁም። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«የእስላም ድስት ነው እኮ!»

«እንፋሎት ሃይማኖት የለው። አብሽሪ፣ ዱቄት አምጪ።»

ዱቄቱ መጣ። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት በውሃ ብቻ፣ ከቂጣ ሊጥ ጠንከር ተደርጎ ታሸ። ቀጭን ከሆነ በግለቱ ይወርዳልና። ያላረረው ሩዝ ብቻ ወደ ሌላ ድስት ተገለበጠ። ታቹን መፋቅ ክልክል ነው፤ አንድ ጭልፋ ያረረ ከገባበት ሽታው አራቱንም ኪሎ ይይዛል። የሚንተከተክ መረቅ አራት ኩባያ ላዩ ላይ ተረጨ። መረቁ ከቀዘቀዘ ድስቱ እንደገና እስኪሞቅ ታችኛው ይላሽቃል። ከዚያ ክዳኑ ተገጠመ፣ ሊጡ እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ በክዳኑና በድስቱ አፍ መካከል ዙሪያውን ተለጠፈ። ነበልባሉ አንድ ቦታ እንዳይበላው ከድስቱ ሥር የብረት ምጣድ ገባ። እሳቱ የመጨረሻ ዝቅታ ላይ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ እሳት ጠፍቶ ሳይከፈት አሥራ አምስት ደቂቃ። መክፈት የሚያምራት ጅዳ ሁለት ጊዜ እጇን ዘርግታ ሁለት ጊዜ በማማሰያ ተመትታለች።

ሲከፈት ላዩም ልሟል።

የቀሩት የሁለቱ ድስት ሩዝ ገና እንደተዘፈዘፈ ስለነበር ዘዴው እነሱ ላይ ተሞከረ። መዘፍዘፊያው ሳይታሰብ 45 ደቂቃ ደርሷል፤ እሱም ረድቷል። መረቁ ለ20 ኩባያ ሩዝ ወደ 35 ኩባያ ከፍ አለ፣ ጊዜው ሠላሳ ደቂቃ ሆነ፣ ክዳኑ ከመጀመሪያው ተመረገ። እንከን አልወጣለትም። ከእንግዶቹ መሃል ከዓረብ አገር የተመለሱት አንድ ጠረጴዛ ይዘው ነበር፤ «የጅዳው ራሱ ነው» ተባለ።

እዚህ ላይ ለሊጡ የማይገባውን ክብር መስጠት አይገባም። ሊጥ ፕሬዠር አይሆንም፤ እንፋሎቱ ሲጠነክር አንድ ቦታ ሰንጥቆ ይወጣልና ግለቱን እምብዛም አይጨምረውም። ሥራው እርጥበቱን ይዞ ላይኛውን ማብሰል ነው። ሩዙን ያዳኑት ተጨማሪው መረቅና ተጨማሪው ጊዜ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን ከዚያ ሁሉ የወሰደው ሊጡን ብቻ ነው። ዛሬ ለእንግዳ ሲያስረዳ ሊጡ «የቤታችን ምሥጢር» ሆኗል፤ ማን እንዳመጣው አይነገርም።

ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ሲያገኝ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ያንኑ 35 ኩባያ፣ ያንኑ ሠላሳ ደቂቃ፣ ያንኑ ሊጥ አዘዘ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃው 94 ላይ ይፈላል። ጅዳ «ይበዛል» አለች። «የሚሠራውን አትንኪ» ተባለች። የወጣው ወደ ገንፎ ያደላ ነገር ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሊጡ ቀጥኖ ነው አለ። አሁን ስልኳ ላይ ሁለት የደወል ሰዓት ተሞልቷል፤ አንዱ «ደሴ»፣ ሌላው «ኮምቦልቻ» ይላል።

የሠርጉ ዕለት ማታ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ የማድ ቤቱ ቡና ተፈላ። ከድስቶቹ አፍ የተላቀቀው ሊጥ በግለቱ ደርቆ፣ መረቅ ጠጥቶ፣ ዳር ዳሩ ቀልቶ እንደ ደረቅ ቂጣ ሆኖ ነበር። ዕቃ አጣቢዎቹ ተሻሙበት። ጅዳ ከቀይው ቆርሳ ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ፣ አልተነሳችም። በበረካው ላይ ከያዘችው ቆረሰችና ለእትዬ ዘረጋች።

«እንኩ እንጂ።»

እትዬ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡ።

«እንፋሎት ሃይማኖት የለውም ብለው አልነበረም?»

«እንፋሎቱማ የለውም» አሉ እትዬ፣ ሲኒያቸውን እያዞሩ። «መረቁ አለው።»