ያልታየው መስመር

ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያቱን እንጃ። እዚህ አሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተኛው ጉም ይሆናል። ጠዋት እማዬ ደውላ «ዛሬም ከቀንድ አውጣዎችሽ ጋር ነሽ?» አለችኝ። ኦይስተር የሚባሉ ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት እንደሆኑ ማረሙን ትቻለሁ። በእሷ አፍ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት፣ የኦይስተሮችን ዘር ለመለየት የምንሠራው 14ኛው የዲኤንኤ ምልክት ፈተናውን ወደቀ። ሦስት ወር የለፋሁበት ነው።

ዲኤንኤ ላይ «ሲኤ ሲኤ ሲኤ» እያለ የሚደጋገም ቦታ አለ። የድግግሞሹ ርዝመት ከአንዱ ኦይስተር ወደ ሌላው ይለያያል። ግራና ቀኙን የሚይዝ ፕራይመር የሚባል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ እንሠራለን፣ ቦታውን ፒሲአር በሚባለው ዘዴ እናባዛዋለን። ልጅ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። ቅጂዎቹን በርዝመታቸው የሚለየው ጄል ላይ ሁለቱም መስመር ሆነው መታየት አለባቸው።

ዛሬ የእናትየው መስመር በሁሉም ልጆች ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። የአባትየው ግን ግማሾቹ ላይ የለም። ጄሉን ካመንን አባታቸው እሱ አይደለም። እንቁላሉንና የወንዱን ዘር የቀላቀልኩት ግን እኔው ነኝ!

የኦይስተር ዲኤንኤ በጣም ተለዋዋጭ ነው። ፕራይመሩ የሚያርፍበት ላይ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ብትቀየር እንኳ ላይዝ ይችላል። ቅጂው አለ፣ አይታይም። ሳናውቅ ብናልፈው ሁለት ዓይነት ቅጂ የያዘውን አንድ ዓይነት ብቻ አለው ብለን እንመዘግባለን። በባሕሩ ያሉት ሁሉ እርስ በርስ በዘመድ የተዋለዱ ይመስላሉ። እዚህ ከድሮው ኦይስተር 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ቀርቷል ይባላል። በቀረው ላይ እንዲህ መሳሳት ያስፈራኛል።

እኔ ቁርጥ እማዬን ነኝ። «የአባትሽ ነገር የለብሽም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። በአባዬ ለቅሶ ቀን ሳይቀር አንዲት ጎረቤት ብላኛለች። ያን ቀን ከሞቱ እኩል አመመኝ።

አባዬ ማታ ማታ ሬዲዮ ፈታትቶ ይጠግን ነበር። ትንንሾቹን ብሎኖች ሲይዝ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ ያደርጋል። ባለፈው ፈሳሽ በፒፔት ጠብ ጠብ ሳደርግ አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ፒፔት ስትይዢ ምላስሽን ለምን ታወጫለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ባቡር ውስጥ ድንገት ትዝ አለኝ፣ እንባዬ መጣ።

ወርሼው ይሁን እያየሁት ለምጄው፣ የሚለይልኝ ምልክት የለም። ነገ እማዬን እጠይቃታለሁ። እሱስ ከማን ወስዶት ይሆን?